ከኩል ብልቃጥ እስከ አልኮል

እናቴ ኩሏን የምታስቀምጥባት ትንሽ ብልቃጥ ነበረቻት። ክዳኗን ስትከፍት ዱቄቱ ከመላሙ የተነሳ እንደ ጭስ ብን ይል ነበር። «አልኮል» የሚለው ቃል የወጣው ከእንዲህ ያለች ብልቃጥ ነው ብል አጋነነ አትበሉኝ። ዐረቦች ይህንኑ ኩል «አል-ኩሕል» ይሉታል፤ «አል» መስተአምር ብቻ ነው። ቃሉ አውሮፓ ሲደርስ መጀመሪያ ማንኛውም የላመ ዱቄት፣ ቀጥሎም የአንድ ነገር ንጥር መጠሪያ ሆነ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሙ ፓራሴልሰስ የወይንን ንጥር በዚህ ስም ጠራው፤ ስሙም በዚያው ቀረ።

ዛሬ ለኬሚስት አልኮል የአንድ መጠጥ ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው። በጠላ፣ በጠጅና በአረቄ ውስጥ ያለው ኢታኖል ነው። ወንድሙ ሜታኖል በመልክም በጠረንም ስለሚመስለው ቢቀላቀል አይለይም፤ ጉበት ግን ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለውጠዋል፣ አሲዱም የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። ዓይን የሚኳልበት ነገር ስም ዓይን ለሚያጠፋም መዋሉ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የዓይኑ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ነው። ስለዚህ አረቄ ጠጥቶ በማግስቱ «ዓይኔን ጋረደኝ» ያለ ሰው፣ የትናንቱ መጠጥ ነው ተብሎ አይተኛ። ማርከሻ መድኃኒት አለውና ፈጥናችሁ ሆስፒታል አድርሱት።