ማን ቆጠረው?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረታ የአፍሪካን ዋንጫ በላች። ተክሌ ኪዳኔ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ አገቡ።

ልክ በአርባኛው ቀን፣ የካቲት 23፣ አሜሪካ ውስጥ በቸኮሌት ፋብሪካዋ በምትታወቀው ኸርሺ ዊልት ቻምበርሊን የሚባል ቁመተ ረጅም ወጣት በአንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ብቻውን 100 ነጥብ አስቆጠረ። ተመልካቹ 4,124 ሰው ነው፤ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር ዝር አላለም። ግን ሃርቪ ፖላክ የተባለ ሰው ቁጭ ብሎ ይመዘግብ ነበር። በእሱ ወረቀት የተነሳ ዛሬም ሁሉን እናውቃለን፦ 63 ጊዜ ሞክሮ 36 አገባ፣ ከ32 ቅጣት ምት 28ቱን አስገባ፣ ነጥረው የተመለሱ 25 ኳሶች ያዘ። 36ቱን በሁለት አባዙና 28 ጨምሩበት፤ መቶ ይመጣል።

የእኛው መንግሥቱስ? በአፍሪካ ዋንጫ ያገባቸው 10 ግቦች ውድድሩ አህጉራዊ ስለሆነ ተጽፈው ቀርተዋል። በዚያ ቀን ስንቴ ሞከረ፣ ስንት ኳስ አቀበለ፣ ስንቱን ቀማ ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ወሬ ነው የሚቀርብላችሁ። ደስ የሚል ወሬ! ሆኖም እያንዳንዱ ተመልካች የራሱ መንግሥቱ አለው።

“ኳስ ጥበብ ነው፤ ቁጥር ምን ያደርግለታል?” የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። እነሱን የማስታውሳቸው ያንኑ የካቲት 23ን ነው፤ የ1888ቱን። ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ መርተው ዓድዋ ዘምተዋል። ከዘመቻ የተመለሰ ሰው ደግሞ ይፎክራል። ፉከራን ለተማሪዎች ሳስተምር ከዜማው በፊት ሒሳቡን እንይ እል ነበር፦ ማን፣ ስንት፣ የት፣ በየትኛው ፈረስ፣ በማን ፊት። ያልጣለውን ጣልኩ ያለ እንደሆነ አብሮት የዘመተው አለና ጉድ ይፈላል። ምን ያደርጋል፣ የፉከራ መዝገብ ዓምዱ አንድ ነው፦ ገዳይ። ቁስለኛ ጓዱን ተሸክሞ ያወጣው፣ ስንቅ ይዛ የተከተለችው ሴት የሚጻፉበት ቦታ የለም።

የፈረንጁም መዝገብ ከዚህ አላመለጠም። ቢል ራስል ለቦስተን ሴልቲክስ 11 ዋንጫ ያስገኘው በዋናነት የተቃራኒን ኳስ አየር ላይ እያከሸፈ ነው። እሱ ጫማውን የሰቀለው እ.ኤ.አ. በ1969፤ ኤንቢኤ የከሸፈ ኳስ በይፋ መቁጠር የጀመረው ደግሞ በ1973–74 የውድድር ዘመን! የራስል ድካም ከስንቅ ተሸካሚዋ ጋር ቀረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያስለፈለፈኝ መካነ ሰላም የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ሲዘልቁ ቦረና ይደረሳል (የወሎው ቦረና እንጂ የደቡቡ አይደለም)፤ መካነ ሰላም እዚያ ናት። ልጁ የኤንቢኤን ቁጥር ጠዋት ጠዋት ከስልኩ ወደ ደብተር መገልበጥ ለመደ። ቀጥሎ የሰፈሩን ልጆች መቁጠር ያዘ፦ ያገባ፣ ያቀበለ፣ የቀማ፣ የተነጠቀ። ከዚያም አንድ ዓምድ ጨመረ፤ እያንዳንዱ ልጅ ሜዳ ሲገባና ሲወጣ ውጤቱ ስንት ለስንት እንደነበር።

“ጋሼ፣ ይሄን ልጅ እይልኝማ” አለኝ ጣቱን አንድ ስም ላይ አድርጎ። “ማግባቱን አያገባም። እሱ ሲወጣ ግን ቡድኑ ያልቅለታል።”

አሰልጣኙ ያንን ልጅ ሊቀንሰው አስቦ ነበር። ደብተሩን አየና ተወው።

አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ነው። ከመጀመሪያው ግን ግማሹ የለም፤ እህቴ የድሮ የትምህርት ደብተር መስሏት ምድጃ አቀጣጥላበታለች። በእነዚያ ገጾች ላይ የነበሩት ልጆች ዛሬ ስንት ስንት እንዳገቡ ሲጠየቁ፣ እሱ እንደሚለው፣ የሚጠሩት ቁጥር በየዓመቱ ይጨምራል።