ጥቁር ነጥብ ያለባት ወረቀት

መጀመሪያ ላይ የሚያስፈራ ነገር የለም። ፒካፕ መኪኖች ይቆማሉ፣ መንደርተኛው ተሰብስቦ ሰላምታ ይለዋወጣል፣ ልጆች ድንጋይ ይለቅማሉ። የዓመቱ ዕጣ የሚወጣበት ቀን ነው። የእኛ አንባቢ ዕጣ ሲባል ዕቁብ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም፤ እዚህ ግን ጉዱ ያለው ዕጣው በወጣበት ሰው ላይ ነው። ጥቁር ነጥብ ያለባት ወረቀት የደረሰቻት ቴሲ ሃቺንሰን በጎረቤቶቿ እጅ ትወገራለች። ፊልሙ 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ላሪ የስት «ሎተሪው» የተሰኘውን ይህን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራው ለኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ የትምህርት ቤት ፊልሞች ነው። የቀረጸው ካሊፎርኒያ ውስጥ ፌሎውስ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ የዚያችና የጎረቤቷ የታፍት ነዋሪዎችም ይታዩበታል። ጭራቅም ጨለማ ቤትም አላስፈለገውም። ተዋናይ የማይመስሉ ፊቶች ይበቁት ነበር።

ታሪኩ የሸርሊ ጃክሰን ነው፤ በኒው ዮርከር መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1948። ጃክሰን በኋላ እንደተናገረችው በዚያው ሰሞን ከ300 በላይ ደብዳቤ ደረሳት፤ በደግ ቃል የጻፉላት 13 ብቻ፣ እነሱም አብዛኞቹ ወዳጆቿ። ሌላው ይሰድባታል ወይም ግራ ተጋብቷል። ይህ ዕጣ የት እንደሚወጣና ሄዶ ማየት ይቻል እንደሆነ የጠየቁም ነበሩ! ለእኔ ከታሪኩ ይልቅ የሚያስፈራው ይሄ ጥያቄ ነው። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ታሪኩን ሲያግድ ጃክሰን ኮራች፤ እነሱስ ቢያንስ ገብቷቸዋል ብላ።

በታሪኩ ውስጥ መንደርተኛው ከጥንቱ ሥርዓት ብዙውን ረስቷል። ዜማው ጠፍቷል፤ ዕጣ የሚወጣበት የመጀመሪያው ሣጥንም የለም። ድንጋዩን ግን ማንም አልረሳም። ሽማግሌው ዋርነር ዕጣውን ስለተዉ መንደሮች ሲሰማ ቂሎች ይላቸዋል። ቴሲም ብትሆን ሥርዓቱን አልተቃወመችም፤ ባሏ ሲጠራ እሷው ናት ሂድ ያለችው። አልተስማማኝም ያለችው ዕጣው ወደ ቤቷ ሲዞር ነው።

ፊልሙ በአሜሪካ የመማሪያ ክፍሎች ውስጥ በሰፊው ታየ። በሚኒሶታ ፎረስት ሌክ ግን ወላጆች ዓመፁንና በሃይማኖትና በቤተሰብ ላይ ያመጣል ያሉትን ጣጣ አንስተው አቤት አሉ፤ የትምህርት ቦርዱም እ.ኤ.አ. በ1978 ፊልሙን አነሳው። ተማሪዎች ከሰሱ፤ በ1982 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እገዳው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ፈረደላቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያው ታሪክ በጽሑፍ፣ በሸክላ ተቀርጾም ጭምር፣ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ነበር። እሱን የነካው አልነበረም።