በምርመራ ስሕተት ለደረሰ ጉዳት የሚጠየቅ ካሳ

ሐኪም በሽታውን ሳያገኘው ሲቀር፣ ዘግይቶ ሲደርስበት ወይም የሌለ በሽታ ሲያክም፣ በዚያም ሰበብ ታካሚው ለጉዳት ሲዳረግ፣ ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ በፍትሐ ብሔር ክስ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ስሕተቱ ብርቅ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሪፖርት፣ በዚያች አገር በተመላላሽነት ከሚታከሙ አዋቂዎች መካከል በየዓመቱ ቢያንስ 5 በመቶ የሚሆኑት የምርመራ ስሕተት እንደሚያጋጥማቸው ገምተዋል። በክስ ካሳ የሚያገኙት ግን ከእነዚህ እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። ዳኛ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ሐኪሙ ሙያው ከሚያዘው በታች ሠርቷል ወይ? ጉዳቱስ የመጣው በዚያ ምክንያት ነው ወይ? ብዙ ከሳሾች የሚሰናከሉት ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች መልስ በብዙ አገሮች ተከታይ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውና የቦላም መመዘኛ የሚባለው ደንብ፣ ኃላፊነት የሚሰማቸው የሙያ ባልደረቦቹ ተገቢ ነው የሚሉትን አሠራር የተከተለ ሐኪም ቸልተኛ አይባልም ይላል። ደንቡ ለሐኪሞች ጋሻ ሆኖ ቆየ። ዶክተሮቿ የሳንባ ነቀርሳዋን ካንሰር ሊሆን ይችላል ብለው ጠርጥረው፣ የምርመራው ውጤት ሳይደርስ ቀዶ ጥገና ያደረጉላት አንዲት ታካሚ የድምፅ ነርቯ ተጎድቶ ብትከስም፣ ውሳኔያቸውን የሚደግፉ ባለሙያዎች በመገኘታቸው ብቻ ተረታለች። እ.ኤ.አ. በ1997፣ በወቅቱ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደንቡን አጠበቀው፤ የባለሙያዎቹ አስተያየት በምክንያት ሲመረመር የማይቆም ከሆነ ዳኛው ሊቀበለው አይገደድም።

ሁለተኛው ጥያቄ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የአዲስ ዓመት ዕለት ማለዳ ሦስት የሌሊት ጥበቃ ሠራተኞች ሻይ ጠጥተው ሲያስታውኩ ቆይተው ለንደን ውስጥ ወደሚገኝ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ሄዱ። ተረኛው ሐኪም አላያቸውም። ወደ ቤታቸው ሄደው እንዲተኙና የየራሳቸውን ሐኪም እንዲጠሩ በነርሷ በኩል መልእክት ሰደደላቸው። አንደኛው በዚያው ቀን ሞተ፤ ሻዩ ውስጥ አርሴኒክ ነበረበት። ፍርድ ቤቱ የሐኪሙን ቸልተኝነት አረጋገጠ። ሆኖም ሰውየው በጊዜው ቢታይ እንኳ ማርከሻው ሊደርስለት አይችልም ነበር በሚል ሚስቱ የጠየቀችውን ካሳ ውድቅ አደረገው።

ከዚህ የሚከብደው፣ ስሕተቱ የቀማው የመዳን ተስፋን ሲሆን ነው። የ13 ዓመት ልጅ ከዛፍ ላይ ወድቆ ዳሌው ይሰበራል፤ ሆስፒታሉ ስብራቱን ሳያይ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ የሚታወቀው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። ልጁ ለዘለቄታው አካሉ ተጎዳ። በጊዜው ቢታከም የመዳን ዕድሉ 25 በመቶ ስለነበር ዳኛው የካሳውን ሩብ ፈረዱለት። የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 ሻረው፤ የመዳን ዕድሉ ከግማሽ ካላለፈ ጉዳቱን ያመጣው ስሕተቱ ነው ማለት አይቻልም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ፣ ብብቱ ሥር የወጣውን እብጠት ሐኪሙ ምንም የማያመጣ የስብ ክምችት ነው ብሎ የሸኘው ሰው ጉዳይ ቀረበ። እብጠቱ ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር ነበር። ሕክምናው ዘጠኝ ወር በመዘግየቱ አሥር ዓመት የመኖር ዕድሉ ከ42 ወደ 25 በመቶ ቢወርድም፣ በሦስት ለሁለት ድምፅ ተረታ። በዚህ ስሌት፣ በሽታው የጠናበት ታካሚ ሐኪሙ በቸልታ ቢያልፈውም ምንም አያገኝም፤ ይህ ከባድ ኢፍትሐዊነት ነው።

የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን መንገድ አልተቀበለም። ለዓመታት ስለ ሆዱ ሕመም ለሐኪሙ ሲነግር ቆይቶ በጨጓራ ካንሰር በሞተ ሰው ጉዳይ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የጠፋው ዕድል ራሱ ካሳ የሚከፈልበት ጉዳት ነው ሲል ወሰነ። የመዳን ዕድሉ 37.5 በመቶ የነበረ በመሆኑ፣ በ875,000 ዶላር ከተገመተው ሙሉ ካሳ ላይ ያንኑ ያህል እጅ፣ ማለትም 328,125 ዶላር፣ ለቤተሰቡ ተወሰነ።

በኢትዮጵያ መነሻው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ጥፋቱም በሳይንስ ወይም በሙያው በታወቀው ሥርዓት ይመዘናል። ሆስፒታልም ቀጥሮ በሚያሠራቸው ሐኪሞች ጥፋት ይጠየቃል። ጉዳዩ በወንጀልም ሊታይ ይችላል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሚደነግገው አንቀጽ 543 ላይ ሐኪምን በስም ይጠቅሳል። ሐኪሙ በወንጀል ነፃ መባሉ የካሳውን ክስ አይዘጋውም። የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴም አቤቱታ ይመረምራል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት የፌዴራሉ ኮሚቴ የሰጣቸውን 125 ውሳኔዎች ተመልክቷል።

የጊዜው ነገር ብዙዎችን ያዘናጋል። ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነት የሚቀርብ ክስ፣ በአንቀጽ 2143 መሠረት፣ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ በዚያ ይተካል። የተሳተ ካንሰር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁን ሳያሰማ ሊያድግ ይችላል። በእንግሊዝ የሦስት ዓመቱ ገደብ ተጎጂው ጉዳቱን ካወቀበት ቀን ሊቆጠር ይችላል። ኒው ዮርክም በደረት ራጅዋ ላይ የታየው ነገር ሳይነገራት ቀርቶ ክስ የማቅረቢያ ጊዜዋ ባለፈባት እናት የተሰየመውን የላቨርን ሕግ እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥታ፣ በካንሰር ምርመራ ስሕተት ላይ ቀኑ ስሕተቱ ከታወቀበት ጊዜ እንዲቆጠር አድርጋለች።

በመጨረሻ የገንዘቡ መጠን ይመጣል። የኢትዮጵያ ሕግ በአንቀጽ 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል፤ የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ገቢ፣ ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳትም ይታሰባል። ለሥቃይና ለኀዘን የሚከፈለውን የሞራል ካሳ ግን አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቦታል። ገደብ ማበጀት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ1975 በ250,000 ዶላር ወስና፣ ከ2023 ጀምሮ ግን ጣሪያውን ከፍ አድርጋ በየዓመቱ እንዲያድግ ደንግጋለች። በኢትዮጵያም የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ሥራው ለተነጠቀ ደራሲ የሚከፈለው የሞራል ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ወስኗል። ካንሰሩ ሳይታይ የቀረበት ሰው ሥቃይ ዛሬም በ1,000 ብር ጣሪያ ሥር ነው፤ ሕግ አውጪው ይህን ቁጥር ሊያሻሽለው ይገባል።