ተንቀሳቃሽ ከተማ፦ ከቴክሳስ ሐይቅ ዳር እስከ አዲስ አበባ ሰፈሮች

በዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የዕረፍት ቀናችን የት እንደሚያልፍ የታወቀ ነው፦ ቤተ እምነት፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ጊዜ ከተረፈም ጋርላንድ ወይም ሪቻርድሰን ካሉት ምግብ ቤቶቻችን አንዱ። እኔ ግን አልፎ አልፎ ሴዳር ሂል ወደሚባለው ፓርክ ወርጄ በጆ ፑል ሐይቅ ዳር ድንኳን እተክላለሁ። እዚያ ከማያቸው ነገሮች ሁሉ ቀልቤን የሚስቡት አሮጌዎቹ የመኪና ቤቶች ናቸው። ከኋላቸው ክንፍ የተሰካላቸው ሻስታዎች አሉ፤ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1978 ብቻ የሠራቸው፣ በፊት ጎማቸው የሚነዱ ዝቅ ያሉ የሞተር ቤቶች አሉ፤ ጣሪያቸው የሚነሳ ፎልክስዋገኖችም አሉ። ከሁሉም ግን አንዱ ዓይነት የእኛን ታሪክ ይነካልና ስለ እሱ ልጻፍ።

እሱም ኤርስትሪም የሚባለው፣ እንደ አውሮፕላን አካል በአሉሚኒየም ተለብጦ በብሎን ሳይሆን በሪቬት የተያያዘ፣ እንደ ብር የሚያበራ ተጎታች ቤት ነው። ዋሊ ባያም የተባለ የኦሪገን ተወላጅ ኩባንያውን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ አቋቋመ። ሰውየው ነጋዴ ብቻ አልነበረም። ደንበኞቹን አስከትሎ አገር ለአገር የሚዞር የጉዞ መሪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 አጋማሽ 41 ተጎታች ቤቶችንና ከመቶ በላይ ሰዎችን ይዞ ከኬፕ ታውን ተነሣ፤ መድረሻው ካይሮ ነበር። ጉዞው ከ200 ቀናት በላይ ፈጀ። በመካከሉም በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገቡ፤ አዲስ አበባ ላይም ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ተቀበሏቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ጉዞው የተነሣው ከአፓርታይድ አገር ነው። ሮዴዥያና ኬንያ ያኔ ገና በቅኝ ገዥዎች እጅ ነበሩ። ተጓዦቹ አዲስ አበባ ሲደርሱ ያገኙት ግን በሌላ አገር ስም የሚያስተዳድር ገዥ ሳይሆን የአገሩን ንጉሠ ነገሥት ነው። ወደ አሜሪካ ደግሞ እንመለስ። በዚያው ዘመን ጥቁር አሜሪካዊ በደቡብ ግዛቶች ሲጓዝ የት እንደሚያድር የሚነግረው፣ ቪክቶር ግሪን እ.ኤ.አ. በ1936 ማሳተም የጀመረው «አረንጓዴው መጽሐፍ» ያስፈልገው ነበር። በዚሁ በዳላስ ዋኒታ ክራፍት ወጣቶችን አሰባስባ የቴክሳስን ዓመታዊ ትርዒት መድልዎ የተቃወመችው በ1955 ነው። ዛሬ እኔና ቤተሰቤ ሐይቁ ዳር ያለ ሥጋት የምናድረው እነዚያ ሰዎች በከፈሉት ዋጋ ነው። ይህን የማያውቅ ስደተኛ የሰው ርስት ወራሽ ሆኖ ሳለ ውርሱን አላውቅም ባይ ይሆናል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የባያም ተጓዦች በሠፈሩበት ሁሉ ቤቶቻቸውን እንደ ጋሪ ጎማ ክብ አድርገው መደርደር ይወዱ ነበር። ለአሜሪካውያን አዲስ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን አይደለም። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ለረጅም ዘመን የነገሥታቱ መዲና ድንኳን ነበር። በ1520 የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የአፄ ልብነ ድንግልን ሠፈር አይቶ ሥርዓቱን በዝርዝር ጽፏል። የንጉሡ ድንኳን ከመካከል፣ ሌላው እንደየማዕረጉ በቀኝና በግራ። ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ደጃዝማች የሚሉት ማዕረጎች የዚያ አሰላለፍ ቅሪቶች ናቸው። «ከተማ» የሚለው ቃላችንም ከ«ከተመ» የመጣ ነው፤ «ሰፈር»ም ከ«ሰፈረ»።

አዲስ አበባም የተወለደችው እንዲሁ ነው። እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1886 ፍልውኃ አጠገብ ቦታውን ከመረጡ በኋላ መኳንንቱ ከነጭፍራቸው ዙሪያውን ሰፈሩ፤ ራስ ብሩ ሰፈርና ሠራተኛ ሰፈር የመሳሰሉት ስሞች ይህንኑ ይመሰክራሉ። ማገዶ ሲያልቅ አፄ ምኒልክ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማይቱን ከቦታዋ ያጸናት ባሕር ዛፍ ነው። ይህን ስል ያለፈውን ላሞካሽ አይደለም። ተንቀሳቃሹ ከተማ በደረሰበት ሁሉ የገበሬውን እህል ይበላ፣ ደኑንም ይጨርስ ነበር። የባያም ሰዎች የሚጎትቱት የገዛ ገንዘባቸውን ቤት ነው፤ የነገሥታቱን ድንኳን የተሸከመው ግን ገባሩ ነበር።

ታዲያ ለምን አነሣሁት? የ1952ቱ ጉዞ ታሪክ በአሜሪካኖቹ ፎቶግራፍና ጽሑፍ ተጠብቆ ይገኛል። በእኛ በኩል ያለውስ? በደቡብ በኩል መንገድ የመራው፣ ያስተረጎመው፣ የብር ቤቶቹ በመንደሩ ሲያልፉ ከልጆቹ ጋር ሮጦ ያየው ሰው ምን አለ? ያኔ የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ከ80 አልፏል። ከእነዚያ አንዳንዶቹ ዛሬ ምናልባት በዚሁ በዳላስ የልጅ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል፤ ይህን ምዕራፍ ሌላ ሰው እንዲጽፍልን መጠበቅ አይገባንም። አዲስ አበባ ያላችሁ ተመራማሪዎች በወመዘክር የ1952ን አዲስ ዘመንና የኢትዮጵያን ሄራልድ ግለጡ። ውጭ ያለን ደግሞ ወላጆቻችንን እንጠይቅ፤ ድምፃቸውንም እንቅረጽ። ከተማ ይነሣል፣ ሰፈርም ይፈርሳል፤ ተጽፎ የቆየው ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ቸር ይግጠመን።