ጧሪና ቀባሪ የተለያዩበት መንገድ

አማርኛ ጧሪንና ቀባሪን ለያይቶ መጥራት አይወድም። ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል፤ ሁለቱ ባንድ ትንፋሽ ይወጣሉ። በደሴና በኮምቦልቻ ታሪክ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። ቀብር የሰፈር ጉዳይ ሆነ፤ ደንብ ወጣለት፣ መዋጮ ተቆረጠለት፣ የቀረውን የሚቀጣ ዳኛ ተሰየመለት። መጦር ግን ከቤት አልወጣም። ዛሬ አባት ወይም እናት የጃጀበት ቤት ብቻውን የሚቀረው ወሎዬ ርኅራኄው ስለተሟጠጠ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ርኅራኄው አለ፤ የተደራጀው ግን ለሞት ቀን ነው። የመርሳት በሽታ ደግሞ ከሞት በፊት ያሉትን ዓመታት ይፈልጋል።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ የሃይማኖት ማኅበር አይደለም፤ የአካባቢ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ መዝገብ ይሰፍራል። ሰው ሲሞት ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ሴቷ እንጀራና ወጥ ታቀርባለች፣ ሐዘንተኛው እሳት እንዳያነድ ጎረቤቱ በተራ ይቀመጣል። ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። እምቢ ብሎ የጸና ከቅሬ ይወጣል፤ ከቅሬ የወጣ ሰው ሬሳውን የሚያነሳለት የለምና ከዚህ የከበደ ቅጣት አገሩ አያውቅም። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው፤ ማንንም ሳይንቅ ያበላል ማለት ነው። የቅሬ ድንኳንም የተተከለው በዚሁ መንፈስ ይመስለኛል። ነገር ግን ቅሬ የሚቆጥረው ሞትን ነው። ሐዘን በቀናት ይለካል፤ መጃጀት ስምንት፣ አሥር ዓመት ሊሄድ ይችላል። ሌሊት ተነስቶ ነጠላውን አጣፍቶ፣ የሞተ ወንድሙ ጋ ልሂድ እያለ በር የሚደበድብ አባት የለቅሶ ጥሩምባ አያስነፋም። ጉርሻውን በጉንጯ ይዛ መዋጥ የረሳች እናት አጠገብ የምትቀመጠው አንድ ልጅ ወይም አንድ ምራት ናት፤ ተራ የሚቀበላት የለም።

ይህ ክፍፍል በዱሮው ዘመን ያን ያህል አልጎዳም ብሎ የሚከራከር አለ፤ በከፊል ልክ ነው። ቤቱ ብዙ እጅ ነበረው። የጦረ ልጅ ርስቱንና ቤቱን ይወርሳል፤ ልጅ የሌለው ደግሞ የሚጦረው ሰው አስጠግቶ ንብረቱን ይተውለታል። ስለዚህ መጦር ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ዋጋ ያለው ውል ነበር። ሃይማኖቱም ደግፎታል። በእስልምና ሕግ ሰው ዘካውን ለወላጁ አይሰጥም፤ ወላጅን ማኖር አስቀድሞ የተጣለበት ግዴታ ስለሆነ ከዘካ አይቆጠርለትም። ቁርኣንም ካወቀ በኋላ ምንም ወደማያውቅበት ዕድሜ ስለሚመለስ ሰው ሁለት ጊዜ ያነሳል፤ ነገሩ ለጥንቱም ሰው እንግዳ አልነበረም። በዚያ ላይ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ 40 አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። እርግጥ የዱሮውን አማካይ ያወረደው በአብዛኛው የሕፃናት ሞት ነው፤ ሰማንያ የደረሰ ሽማግሌ ያኔም ነበር። ቢሆንም በየሰፈሩ የሚቆጠረው የጃጀ ሰው ከዛሬው ያነሰ እንደነበር አያጠራጥርም።

ውሉን ያፈረሱት ተከታታይ ክስተቶች ናቸው። የ1965 እና የ1966 ረሃብ የወሎን ገበሬ ቤቱን አስዘግቶ በደሴና በኮምቦልቻ መንገድ ዳር በተነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የመሬት አዋጁ ብዙ ጭሰኛን ነፃ አውጥቷል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን በከተማ ሁለት ክፍል አከራይታ የምትተዳደር አሮጊት ጡረታዋ ኪራዩ ነበር፤ እሱ ሲሄድ ለጧሪዋ የምትከፍለው ሌላ ነገር አልቀራትም። ከ1977 ጀምሮ ሰፈራው ብዙ ወሎዬን ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋና ወደ መተከል ወሰደ፤ ወላጅ በአንድ ጫፍ፣ ልጅ በሌላው ቀረ። ቀጥሎ የዐረብ አገር ጉዞ መጣ። የደቡብ ወሎ ሴት ልጅ በጂዳና በቤሩት የሰው አሮጊት ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ሌሊት ታዳምጣለች፤ ለሥራዋም ደመወዝ ትቀበላለች። የገዛ እናቷን እንድትጠብቅላት ግን ከገጠር የመጣች ልጅ በላከችው ብር ትቀጠራለች። ሙያው አንድ ነው። እዚያ ሥራ ይባላል፤ እዚህ ሴት ልጅ ከተፈጥሮዋ የምታደርገው ነገር ተብሎ ይታለፋል። በ2006 ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ያ ብርም በብዙ ቤት ባንድ ጊዜ ተቋረጠ።

መንግሥት ምን ሠራ? ቃሉን ወሰደ። ጡረታ ከመጦር የወጣ ቃል ነው፤ ጡረታ ግን ገንዘብ ብቻ ነው። እሱም በ1950ዎቹ ሲደነገግ ለመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ እስከ 2003 ጠብቋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ የመንግሥት በመሆኑ ጡረታ ነበረው፤ በእጁ የሚሸምነው፣ ሸቀጥ ቸርቻሪውና ገበሬው አልነበራቸውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከጡረታው ይልቅ ቤቱን ያየ ይመስላል። ቁጥር 339 በእርጅና ምክንያት የሥራውን ውጤት መገንዘብ ያልቻለን ሰው በግልጽ ያነሳል። ቁጥር 342 ደግሞ ከ2,000 ያነሰ ነዋሪ ባለበት ቦታ፣ ቤተሰቡ የሚጠብቀውና እንደልቡ እንዳይወጣ የሚከለክለው ሰው የአእምሮ ችግሩ በግልጽ የታወቀ ነው ይላል። ሕጉ ቤት ውስጥ ያለውን ጠባቂ አይቶታል ማለት ነው፤ ያየው ግን ለማስረጃነት እንጂ ለማገዝ አይደለም። ያው ሕግ ውክልና የሰጠው ሰው ችሎታውን ሲያጣ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ውክልናው ያበቃል ይላል። ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ይህን የሚሰማው አባት ስሙን መፈረም ካቃተው በኋላ ነው፤ ያኔ የቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ሄዶ መከልከልን ማስወሰንና ሞግዚት ማስሾም ነው። ቀለብም እንዲሁ ግዴታ ነው፤ ወላጅ ከልጅ፣ ወንድም ከወንድም መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን የገዛ ልጁን ለመክሰስ መጀመሪያ ማስታወስ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ቅሬ ይግባበት ስል ሁለት መልስ አስቀድሞ ይመጣል። አንደኛው፣ የቤት ገመና ለሰፈር አይገለጥም የሚል ነው። ክብደቱን አልክድም፤ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው አባት ክብሩ መጠበቅ አለበት። ግን ያንኑ አባት ሲሞት ገላውን አጥቦ የሚገንዘው ከዚያው ሰፈር የመጣ ሰው ነው። ሬሳውን የታመነ ጎረቤት ሕያውን አይታመንም ማለት አይያዝልኝም። ሁለተኛው፣ የቅሬ ካዝና ባዶ ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ የአንድ ቅሬ መዋጮ የአንድን በሽተኛ ወጪ አይሸፍንም። የቅሬ ሀብቱ ግን ብር ሆኖ አያውቅም፤ ተራ ነው። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው መጥቶ ሽማግሌው አጠገብ ቢቀመጥ፣ የምትጠብቀው ሴት ገበያ ትሄዳለች፣ ትተኛለች፣ ራሷ ትታከማለች። ይህን መሰል ነገር ከዚህ በፊት ተደርጓል፤ ኤችአይቪ በበረታበት ዘመን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ቀባሪነታቸውን ሳይተዉ የታመመውን በቤቱ መርዳት ጀምረው ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ ቅሬው ከዜሮ አይነሳም። የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 ሲሞከር በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ የደሴ ጎረቤት ተሁለደሬ ነበረች። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች፤ መሥራት ለማይችል አረጋዊና አካል ጉዳተኛ የቀጥታ ድጋፍ ነበረው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 አረጋውያንን ለማገዝ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ሀብት እንዲመድብ ያዛል። እነዚህ በሮች በምስክርና በወረቀት ይከፈታሉ። ማን እንደጃጀ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ቤቱ ምን እንደጎደለው ከቅሬው በላይ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የለም።

ስለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ የቅሬ ዳኞችና ጸሐፊዎች ሆይ፦ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ደንቡ ሲነበብ አንድ አንቀጽ ጨምሩ። አባል ወይም የአባል ወላጅ ሲጃጅ ለቅሬው ይነገር፤ ጠባቂውን የሚያሳርፍ ተረኛ በስም ይጻፍ፤ ውክልናና ሞግዚትነት ሳይረፍድ እንዲጠናቀቅ ከአባላት አንድ ሕግ አዋቂ ይመደብ፤ ተራውን ያለ ምክንያት የዘለለም ከቀብር እንደቀረ ይቀጣ።