የአቶም ሥዕልና ሥዕሉን ያረሙት ተማሪዎች

በሳይንስ ደብተራችን ውስጥ ሁላችን የሣልነው አንድ ሥዕል አለ፤ ከመካከሉ ትንሽ ነጥብ፣ በዙሪያውም እንደ ቀለበት የተሰመሩ መንገዶች፣ በመንገዶቹም ላይ የሚዞሩ ኤሌክትሮኖች። ይህን ሥዕል በኮምፓስ እያሣመርን ስንሥል የኖርን እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ማን እንደ ሣለው ሳንጠይቅ ትምህርታችንን ልንፈጽም ተቃርበን ነበር። ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ብለን ታሪኩን ስንመረምር ግን አንድ ነገር አስደነቀን፤ ይኸውም የአቶምን ሥዕል ካሻሻሉት ሊቃውንት አንዳንዶቹ የገዛ መምህራቸውን ሥዕል ያረሙ ተማሪዎች መሆናቸው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አቶም የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የማይቆረጥ ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የተወለደው ዴሞክሪጦስ ግዙፍ ነገር ሁሉ ከማይከፈሉ ደቂቅ ቅንጣቶች የተሠራ ነው ብሎ አስተማረ፤ ነገር ግን አሳቡን በሚዛን አልፈተነውም። በሚዛን ተመርኩዞ የተነሣው ከ2000 ዓመት በላይ ቆይቶ እንግሊዛዊው ጆን ዶልተን ነው። ይህ የሸማኔ ልጅ ገና በ12 ዓመቱ የመንደሩን ልጆች ያስተምር ነበር። በ1808 ማሳተም በጀመረው መጽሐፉ የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር አቶሞች የየራሳቸው ክብደት እንዳላቸው ገለጠ። የዶልተን አቶም ግን እንደ ጠጠር ድፍን ነበር።

በ1897 በካምብሪጅ ጄ. ጄ. ቶምሰን አየሩ በተመጠጠ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጨረር ሲመረምር፣ ከሃይድሮጅን አቶም እጅግ የሚቀልል ቅንጣት አገኘ። ኤሌክትሮን የምንለው ይህ ነው። የማይከፈል የተባለው አቶም እንግዲህ ተከፈለ! ቶምሰንም አቶም የፖዚቲቭ ኤሌክትሪክ ክምችት ሆኖ ኤሌክትሮኖቹ በውስጡ የተበተኑበት ነው አለ። እንግሊዞች ይህን ዘቢብ በገባበት ኬክ ይመስሉታል፤ ለእኛ ግን ጥቁር አዝሙድ ከሊጡ ጋር የተለወሰበት ድፎ ዳቦ ቢባል ይቀርበናል።

ይህን ዳቦ የቈረሰው የቶምሰን ተማሪ የነበረው የኒውዚላንዱ ተወላጅ ኧርነስት ራዘርፎርድ ነው። በ1909 በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ረዳቱ ሃንስ ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን የተባለ ተማሪ አልፋ የሚባሉትን ፈጣን ቅንጣቶች በስስ የወርቅ ቅጠልና በሌሎች ብረቶች ላይ ይለቁ ነበር። ማርስደን ያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ከእኛ የሚበልጠው በሁለት ዓመት ብቻ ነው። ራዘርፎርድም ወደ ኋላ የሚመለስ ቅንጣት እንዳለ እስቲ ተመልከት አለው፤ ይገኛል ብሎ ግን እርሱ ራሱ አላመነም ነበር። ሥራው ትዕግሥት የሚፈትን ነበር። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ተቀምጦ መጠበቅ፣ ከዚያም ቅንጣቱ በዚንክ ሰልፋይድ ላይ ሲያርፍ ብልጭ የምትለውን ደብዛዛ ብርሃን በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ መቍጠር ያስፈልጋል። በፕላቲኒየም ላይ ሲቈጥሩ ከ8000 ቅንጣቶች አንዱ ያህል ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። ቍጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ አቶም እንደ ዳቦ ለስላሳ ቢሆን ኖሮ አንድም እንኳ እንዲህ ሊመለስ ባልተገባ ነበር።

ራዘርፎርድ ነገሩን ሲያሰላ ቆይቶ በ1911 መልሱን አወጣ። የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ ከመካከሉ ባለች እጅግ ትንሽ ስፍራ ተከማችቷል፤ የቀረው ባዶ ነው። የሃይድሮጅን አቶም የእግር ኳስ ሜዳ ቢያህል፣ ኒውክሊየሱ ከሜዳው መካከል እንደ ወደቀች አንዲት የጤፍ ፍሬ ይሆናል።

ነገር ግን ይህም ሥዕል ነቀፋ ነበረበት። በጊዜው በታወቀው የኤሌክትሪክ ሕግ መሠረት የሚዞር ኤሌክትሮን ብርሃን እየሰጠ ኃይሉን ጨርሶ ወደ ኒውክሊየሱ መውደቅ ነበረበት። በ1912 ወደ ማንችስተር መጥቶ ከራዘርፎርድ ዘንድ የተማረው ዴንማርካዊ ኒልስ ቦር በ1913 ኤሌክትሮኖች በተወሰኑ መንገዶች ብቻ ይዞራሉ፣ ብርሃን የሚሰጡትም ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ሲወርዱ ነው አለ። በዚህም ዮሐን ባልመር የተባለ በባዝል የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረ ሰው በ1885 ለሃይድሮጅን የብርሃን መሥመሮች ያገኘው ቀመር ምክንያቱ ታወቀ። በራዘርፎርድ ዘንድ የሠራው ሄንሪ ሞዝሊም ንጥረ ነገሮችን በኒውክሊየሳቸው የኤሌክትሪክ መጠን በተራ የሚያስቀምጥበትን መንገድ አገኘ፤ ወዮ፣ በ1915 በጋሊፖሊ ጦርነት በ27 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ በደብተራችን ያለው የቀለበት ሥዕል የቦር ነው ለማለት ይቻላል። የኤሌክትሮኖችን ቍጥር ለማስታወስ ስለሚመች ዛሬም ይሣላል፤ ሆኖም በ1926 ኤርቪን ሽሮዲንገር ባወጣው ስሌት ተተክቷል። በዚህ ስሌት ኤሌክትሮን የተሰመረ መንገድ የለውም፤ በየትኛው ስፍራ የመገኘት ዕድሉ እንደሚበዛ ብቻ ይነገራል። ይህን በኮምፓስ መሣል አይቻልም። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ተቀምጠን የሃይድሮጅንን አቶም በእርሳስ ነጥብ ልንሥል ሞከርን፤ ከመካከል አጥብቀን፣ ወደ ዳር እያሳሳን። የወጣልን ነገር የጣት እድፍ ይመስል ነበር፤ ቀለበቱን ግን አልጨመርንበትም።