የካርቶን አበባ ቅርጽ
ከተጣለ ካርቶን ተቆርጦ፣ ታጥፎና በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራ፣ የሠሪውን ሐዘን ወይም ማገገም በምልክት የሚገልጽ የአበባ ቅርጽ ነው። የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን በሁለት ልሙጥ ወረቀቶች መካከል ሞገድ ያለው ወረቀት የተጣበቀበት ነው፤ ሞገዱን ተከትሎ በቀላሉ ይታጠፋል፣ ሞገዱን አቋርጦ ሲታጠፍ ግን ይሰባበራል። የላይኛው ሽፋን በውኃ ረጥቦ ሲላጥ የውስጡ ሸንተረር ይገለጣል። የእጥፋትና የቴፕ አሻራው ሳይደበቅ ሲቀር እንደ ጠባሳ ይነበባል፤ የዚህ ጥበብ ጥልቅ ውበትም እዚህ ላይ ነው።

በወረቀት አበባ ከሐዘን መጽናናት የቆየ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ዴላኒ ባለቤታቸው በ1768 እ.ኤ.አ. ካረፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ዕድሜያቸው 70 አልፎ፣ ባለቀለም ወረቀት በመቀስ እየቆረጡ በጥቁር ወረቀት ላይ አበቦችን መለጠፍ ጀመሩ። ለአንድ አበባ ብቻ በጣም ብዙ ቁራጭ ይጠቀሙ ነበር። ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ በ10 ዓመት ገደማ ወደ 1000 የሚጠጉ አበቦች ሠርተዋል፤ ሥራዎቹ ጠፍጣፋ ቢሆኑም ሕያው ይመስላሉ። ዛሬ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ።

በእንዲህ ያለ ጥበብ ለማገገም የሚሰጠውን «የሥነ ጥበብ ሕክምና» የሚለውን መጠሪያ በ1942 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሠዓሊው ኤድሪያን ሂል ሲሆን፣ የሥዕልን ፈዋሽነት የተረዳው ከሳንባ ነቀርሳ ሲያገግም ነው።